ከባዮጋዝ ማብላያ የሚያመልጥ ሚቴን፦ አደጋው፣ ምክንያቱና መቆጣጠሪያው

የማገዶና የከሰል ወጪ በአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ላይ እየከበደ ሲሄድ፣ ለሰበካ ጉባኤያት ከሚቀርቡ የልማት አማራጮች አንዱ የባዮጋዝ ማብላያ መገንባት ነው። ሐሳቡ መልካም ነው። የምግብ ትርፍራፊ፣ የከብት እበትና የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ጭስ ወደሌለው ነዳጅ ይለወጣሉ፤ ዝቃጩ ለአትክልትና ለዛፍ ችግኝ ማዳበሪያ ይሆናል፤ የቤተ ክርስቲያን ዐጸድም ከመጥረቢያ ይድናል። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ጥቅም የሚገኘው ጋዙ ሲነድ ብቻ ነው። ሳይነድ ወደ አየር የሚያመልጥ ጋዝ ገንዘብን ያባክናል፣ ለእሳት አደጋ ያጋልጣል፣ የምድርንም ሙቀት ይጨምራል። ስለዚህ ማብላያ ለመሥራት የሚያስብ ኮሚቴ «ስንት ብር ይፈጃል?» ብሎ ከመጠየቁ አስቀድሞ «ማን ይጠብቀዋል?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥበቃው በምን መንገድ እንደሚከናወንና ከአጥቢያ አቅም በላይ አለመሆኑን ማስረዳት ነው።

ሚቴን ምን ዓይነት ጋዝ ነው?

ባዮጋዝ የሚፈጠረው አየር በማይገባበት ጉድጓድ ውስጥ ረቂቅ ተሕዋስያን እበትንና ትርፍራፊን ሲያብላሉ ነው። ከጋዙ ከ50 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው ሚቴን ሲሆን፣ የቀረው አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በተጨማሪም የተበላሸ ዕንቁላል የሚሸት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በጥቂቱ ይገኝበታል። በምድጃ ላይ በሰማያዊ ነበልባል የሚነደው ሚቴኑ ነው።

ሚቴን ቀለምም ሽታም የለውም። ብዙ ሰዎች «ባዮጋዝ ይሸታል» የሚሉት አብሮት ካለው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተነሣ ነው። ሽታው ሲቀንስ አደጋው ቀነሰ ማለት ስላልሆነ በአፍንጫ ብቻ መተማመን አይገባም።

የበይነ መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ፓናል እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ከእበትና ከትርፍራፊ የሚወጣ አንድ ኪሎ ግራም ሚቴን በ100 ዓመት ሲሰላ የአንድ ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድን 27 እጥፍ፣ በ20 ዓመት ሲሰላ ደግሞ 80 እጥፍ ገደማ ምድርን ያሞቃል። በአየር ላይ የሚቆየው ግን 12 ዓመት ያህል ነው። በመሆኑም ዛሬ የተደፈነ ቀዳዳ ፍሬው በእኛው ዕድሜ ይታያል። ከመቶ የሚበልጡ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2021 በግላስጎው ጉባኤ ላይ፣ እስከ 2030 ድረስ የዓለምን የሚቴን ልቀት ከ2020 መጠኑ በ30 በመቶ ለመቀነስ ቃል የገቡትም ይህንን በማየት ነው።

ከአገራችን ልምድ የምንማረው

ባዮጋዝ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። የመጀመሪያው ማብላያ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1957/58 በአምቦ የእርሻ ኮሌጅ ነበር። ከዚያ ወዲህ እስከ ብሔራዊው መርሐ ግብር መጀመር ድረስ በልዩ ልዩ ድርጅቶች አንድ ሺህ ያህል ማብላያዎች ተሠርተዋል። ሆኖም ለመርሐ ግብሩ ዝግጅት በተደረገው ጥናት 40 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ሥራ አቁመው ተገኝተዋል። ክትትል መጓደሉ፣ የቴክኒክ ብልሽት፣ የውኃ እጥረትና የከብት ቁጥር ማነስ በምክንያትነት ተጠቅሰዋል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የተተወ ማብላያ ወዲያውኑ የሞተ ማብላያ አይሆንም። በውስጡ የቀረው እበት ለወራት መብላላቱን ይቀጥላል፤ ጋዙን የሚያነድ ሰው ግን የለም። በመሆኑም በክትትል ማጣት የተዘጋ ፕሮጀክት ከከሠረ ንብረትነቱ ባሻገር የሚቴን ምንጭ ሆኖ ይቆያል።

እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ መርሐ ግብር ከዚህ ልምድ ተምሮ፣ በኔፓል የተፈተነውን ባለ ጉልላት ማብላያ ለአገራችን አስማምቶ «ስንዱ» በሚል ስም አስተዋወቀ። በመጀመሪያው ምዕራፍ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች ለገበሬ ቤተሰቦች ከ8,000 በላይ ማብላያዎች ተሠርተዋል። ከገጠሙት ችግሮች አንዱ እንጀራ ነበር። የቤተሰብን ማገዶ አብዛኛውን የሚፈጀው የእንጀራ ጋገራ ሲሆን፣ ተራው የባዮጋዝ ምድጃ ግን ሰፊውን ምጣድ እኩል ማጋል አይችልም። ስለዚህ ጋዝ እያለ እናቶች በእንጨት መጋገራቸውን ቀጠሉ። በዚህ መንገድ ሥራ ያልተገኘለት ጋዝ ደግሞ መውጫ ይፈልጋል።

ጋዙ የሚያመልጥባቸው ሦስት በሮች

የመጀመሪያው በር ስንጥቅና መገጣጠሚያ ነው። ጉልላቱ ሲሠራ ልስኑ ካልጠበቀ ወይም በኋላ ከተሰነጠቀ ጋዙ በዝግታ ያፈተልካል። ሰሚትን ጨምሮ በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ ሰፊ ቦታ የሚሸፍነው ጥቁር ዋልካ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በቤት ግድግዳ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የአካባቢው ነዋሪ ሁሉ ያውቀዋል። በዚህ አፈር ላይ የመሠረት ጥናት ሳይደረግ የተሠራ ጉልላትም ከዚህ ጉዳት አያመልጥም። ከጉልላቱ ቀጥሎ የሚፈተሹት ዋናው የጋዝ መዝጊያ፣ በቧንቧው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ያለው የውኃ ማስወገጃ፣ የምድጃው ቧንቧና ለስላሳው ጎማ ናቸው። ጎማ ፀሐይ ሲመታው ይደርቃል፤ አይጥም ትበላዋለች።

ሁለተኛው በር ሞልቶ መፍሰስ ነው። ባለ ጉልላት ማብላያ የሚያጠራቅመው ጋዝ ከአንድ ቀን ምርት ያንሳል። ጋዙ ሲጠራቀም ዝቃጩን ወደ መውጫው ገንዳ ይገፋዋል፤ ካልነደደና ከልክ ካለፈ ደግሞ በመውጫው በኩል አረፋ እየደፈቀ ይወጣል። ይህ ብልሽት ስላልሆነ ማንም አያስተውለውም። ለአብያተ ክርስቲያናት ግን ከሦስቱ ዋነኛው ይህ ሊሆን ይችላል። የአጥቢያ ማዕድ ቤት እንደ ቤተሰብ ጓዳ በየቀኑ እኩል አይሠራም። በወርኃዊና በዓመታዊ ክብረ በዓል፣ በሰንበትና በዝክር ዕለት ታላላቅ ድስቶች ይጣዳሉ፤ በሌሎቹ ቀናት እሳቱ ይጠፋል። ማብላያው ግን የሥራ ቀንንና የበዓል ቀንን አይለይም፤ በተመገበው ልክ ዘወትር ጋዝ ያመርታል።

ሦስተኛው በር ከማብላያው የወጣው ዝቃጭ ነው። ሚቴን አምራቾቹ ረቂቅ ተሕዋስያን 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን በደንብ ይሠራሉ። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ባላነሰ ከፍታ ላይ የምትገኝ ቀዝቃዛ ከተማ ናት። በቅዝቃዜ ምክንያት ያልተብላላው ክፍል ከዝቃጩ ጋር ወጥቶ በክፍት ጉድጓድ ውስጥ መብላላቱን ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ2022 የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ በባዮጋዝ ምርት ሂደት ውስጥ ከፍተኛ ልቀት የታየው በዝቃጩ አያያዝ ላይ ነበር። ከጠቅላላው ልቀት አብዛኛው የሚመጣውም ከጥቂት ምንጮች እንደሆነ አሳይተዋል። የምሥራቹም እዚህ ላይ ነው፤ ጥቂቶቹን ቀዳዳዎች ፈልጎ የደፈነ ሰው ብዙውን ብክነት ያስቀራል።

ብክነቱ በቁጥር ሲታይ

ነገሩን ለማስረዳት ያህል በሰሚት የምትገኝ፣ ዙሪያዋን በኮንዶሚኒየም የተከበበች አንዲት አጥቢያ በምሳሌነት እናስብ። በቀን 3 ሜትር ኩብ ጋዝ የሚሰጥ ማብላያ አላት እንበል፤ በወር 90 ሜትር ኩብ ይሆናል። ምግብ የሚበስለው ግን በወር 6 ቀን ብቻ ነው። በእነዚህ ቀናት 18 ሜትር ኩብ ጋዝ ይነዳል፤ 72ቱ ሜትር ኩብ በመውጫው በኩል ያመልጣል።

አንድ ሜትር ኩብ ባዮጋዝ በምድጃ ሲነድ ቢበዛ 5 ኪሎ ግራም ያህል ማገዶ ይተካል። ስለዚህ የነደደው 18 ሜትር ኩብ 90 ኪሎ ግራም እንጨት አድኗል፤ ይህም 160 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ያመለጠው 72 ሜትር ኩብ ደግሞ 30 ኪሎ ግራም ያህል ሚቴን ይዟል። በ27 ሲባዛ ከ800 ኪሎ ግራም በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ይስተካከላል። አጥቢያዋ ዐጸድን ለመጠበቅ ብላ በሠራችው ሥራ ጉዳቱ የጥቅሙን አምስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። በዚሁ ስሌት ከሚመረተው ጋዝ ግማሽ ያህሉ ካመለጠ ለአየር ንብረት የተገኘው ትርፍ ሁሉ ይጠፋል።

እርግጥ የምግብ ትርፍራፊው ወደ ቆሻሻ መጣያ ቢሄድ ኖሮ እዚያም ከፊሉ ሚቴን መሆኑ አይቀርም ነበር። እበት ግን በሜዳ ላይ በደረቀ ጊዜ የሚያወጣው ሚቴን በጣም ጥቂት ነው። ማብላያ ሚቴንን አውቆ የሚያመርት ዕቃ ነውና፣ ያመረተውን ሁሉ የማንደድ ኃላፊነት የባለቤቱ ነው።

ክትትሉ እንዴት ይካሄዳል?

በበለጸጉ አገሮች ለዚህ ሥራ የሙቀት ጨረር ካሜራ፣ የሌዘር መሣሪያና ሳተላይት ያገለግላሉ። በዴንማርክ የባዮጋዝ ተቋማት ጋዝ ማምለጡን በየጊዜው እንዲያስፈትሹ በሕግ ይገደዳሉ። ሳተላይት የሚያየው ግን እንደ ከተማ ቆሻሻ መጣያ ያለ ግዙፍ ምንጭን ነው፤ የአጥቢያን ማብላያ የሚያይ በአጠገቡ ያለ ሰው ብቻ ነው። የሚያስፈልገውም የሳሙና ውኃ፣ የግፊት መለኪያ፣ ምልክት የተደረገበት ዘንግና አንድ መዝገብ ነው።

*በየቀኑ መታየት ያለበት።* ጠባቂው ጠዋትና ማታ የመውጫውን ገንዳ ይመልከት። አረፋ በብዛት የሚደፍቅ ከሆነ ማጠራቀሚያው ሞልቶ ጋዝ እየፈሰሰ ነው፤ ወዲያውኑ ምድጃው ተለኩሶ ትርፉ ይነድ። የገባው መኖ መጠንና ምድጃው የነደደበት ሰዓት በመዝገብ ይጻፍ። 40 ኪሎ ግራም እበት በእኩል ውኃ ተበጥብጦ ሲገባ በግምት 1.5 ሜትር ኩብ ጋዝ ይሰጣል፤ ይህም አንድ ምድጃ አራት ሰዓት ያህል ያነዳል። መኖው ሳይቀንስ ምድጃው ሁለት ሰዓት ብቻ ከነደደ የቀረው የት እንደ ገባ መጠየቅ ያስፈልጋል።

*በየሳምንቱ መታየት ያለበት።* ሳሙና በውኃ ተመትቶ አረፋ ሲያወጣ በብሩሽ ወይም በስፖንጅ በየመገጣጠሚያው፣ በየመዝጊያውና በጎማው ላይ ይቀባ። አረፋው እየተነፋ ካደገ በዚያ ቦታ ጋዝ እየወጣ ነው። የመገጣጠሚያ ፍተሻ በክብሪት፣ በጧፍ ወይም በሻማ ፈጽሞ አይደረግም።

*በየወሩ መታየት ያለበት።* የግፊት ፈተና ሁለት ደረጃ አለው። መለኪያ ከሌለ ጥርት ያለ የፕላስቲክ ቱቦ በሰሌዳ ላይ በቀለበት መልክ ታጥፎ፣ ቀለም ያለው ውኃ እስከ ግማሽ ተሞልቶ፣ አንዱ ጫፍ ከጋዝ ቧንቧው ጋር ይገናኛል። በሁለቱ ክንዶች መካከል ያለው የውኃ ከፍታ ልዩነት ግፊቱን በሴንቲ ሜትር ያሳያል።

የመጀመሪያው ደረጃ ቧንቧውን ይፈትሻል። ምድጃዎቹ ሁሉ ተዘግተው ቧንቧው በጋዝ ከተሞላ በኋላ በጉልላቱ ላይ ያለው ዋናው መዝጊያ ይዘጋል፤ የመለኪያው ከፍታ ምልክት ተደርጎበት አንድ ሰዓት ይጠበቃል። ከፍታው ከወረደ ቀዳዳው በመዝጊያውና በምድጃው መካከል ነው፤ የሳሙናው ውኃ ቦታውን ያሳያል።

ሁለተኛው ደረጃ ጉልላቱን ይፈትሻል። መኖ ሳይጨመር፣ ዋናው መዝጊያ እንደ ተዘጋ፣ ምልክት ያለበት ዘንግ በመውጫው ገንዳ ውስጥ ይተከላል። ጉልላቱ ጤነኛ ከሆነ ጋዝ እየተጠራቀመ ስለሚሄድ በማግሥቱ የዝቃጩ ከፍታ ይጨምራል፤ ወይም መውጫው ድረስ ሞልቶ ይቆያል። ማንም ጋዝ ሳይጠቀም ከፍታው ከወረደ ግን ጋዙ በጉልላቱ ስንጥቅ እየወጣ ዝቃጩ ወደ ውስጥ እየተመለሰ ነው። ይህ ባለሙያ የሚያስጠራ ምልክት ነው።

*በየዓመቱ መታየት ያለበት።* ሚቴንን የሚለይ የእጅ መሣሪያ ያለው ባለሙያ ማብላያውን፣ ማዕድ ቤቱንና የዝቃጩን ጉድጓድ ይፈትሽ። በአንድ አካባቢ ያሉ አጥቢያዎች ወይም ወረዳ ቤተ ክህነቱ አንድ መሣሪያ በጋራ ገዝተው በተራ ቢጠቀሙ ወጪው ይቀላል።

ያመለጠውን መቀነስ

ከሁሉ አስቀድሞ ማብላያው ሲታቀድ መጠኑ በዓመታዊው ክብረ በዓል ሳይሆን በዘወትሩ ፍላጎት ይወሰን። የበዓሉ ጉድለት በሌላ ነዳጅ ይሞላል። ሁለተኛ፣ ጋዙ የዘወትር ሥራ ይፈለግለት፤ ለአብነት ተማሪዎች ምግብ፣ ለአገልጋዮች ሻይ፣ ለአረጋውያን የሞቀ ውኃ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ ማዕድ ቤቱ ሥራ በሚቀንስበት ወቅት መኖውም አስቀድሞ ይቀነስ። አራተኛ፣ ትርፍ ጋዝ ሲኖር ድስት ባይጣድም ይነድ። ሚቴን ሲነድ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚለወጥ ጉዳቱ እጅግ ያንሳል። ይህ ማሳበቢያ መሆን ባይገባውም፣ ሳይነድ ከመልቀቅ በብዙ ይሻላል። አምስተኛ፣ ዝቃጩ በክፍት ጉድጓድ አይከማች፤ ከደረቅ ሣርና ቅጠል ጋር ተደባልቆ፣ ጥላ ተደርጎለት ቶሎ ቶሎ እየተገላበጠ ኮምፖስት ይሁን።

ከቤተ ልሔም አገልግሎት ጋር የተያያዘው የእሳት ጉዳይ የራሱ ሥርዓት ስላለው በዚህ ጽሑፍ አልተካተተም፤ ውሳኔውም የካህናት ነው። እዚህ የተነገረው ስለ ማዕድ ቤት ብቻ ነው።

የሰው ሕይወት ይቅደም

በአየር ውስጥ ያለው የሚቴን መጠን ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲደርስ በአንዲት የእሳት ብልጭታ ይፈነዳል። ስለዚህ የማዕድ ቤቱ የላይኛው ክፍል አየር ማስወጫ ይኑረው፤ ሚቴን ከአየር ስለሚቀል ወደ ጣሪያው ይወጣልና። ማብላያው ምእመናን ጧፍና ሻማ ከሚያበሩበት፣ ዕጣን ከሚጤስበትና የመስቀል ደመራ ከሚደመርበት ሥፍራ ራቅ ይበል። በማዕድ ቤቱ ውስጥ ጋዝ የተጠራቀመ ከመሰለ መብራት አይበራ፣ አይጥፋም፤ በሮችና መስኮቶች ይከፈቱ፣ ዋናው መዝጊያ ከውጭ ይዘጋ፣ ሰው ሁሉ ይውጣ። በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በ939 ይጠራል።

ከዚህም በላይ ለጥገና ወይም ለጽዳት ተብሎ ማንም ወደ ማብላያው ጉድጓድ አይግባ። በውስጡ በቂ አየር የለም፤ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሲበዛ የማሽተትን ስሜት ያደነዝዛል፤ ሰውን በቅጽበት ይጥላል። የወደቀውን ሊያወጣ የሚገባው ሁለተኛ ሰውም በዚያው ሊቀር ይችላል። ይህ ሥራ ተገቢው መሣሪያ ላላቸው ሠልጣኞች ብቻ የተተወ ነው።

ሰበካ ጉባኤው ሊወስናቸው የሚገቡ አራት ነገሮች

አንደኛ፣ ማብላያውን የሚጠብቅ አንድ ሰውና አንድ ተተኪ በስም ተለይተው በቃለ ጉባኤ ይያዙ፤ የአገልግሎት አበልም ይመደብላቸው። ምግብ የሚያበስሉ እናቶች የነበልባሉን መድከም ከሁሉ ቀድመው ስለሚያዩ፣ ከሁለቱ አንዷ ከእነርሱ ብትሆን ይመረጣል። ሁለተኛ፣ ለጎማ፣ ለመዝጊያና ለልስን ጥገና የሚሆን ገንዘብ በዓመታዊው በጀት ይካተት። ሦስተኛ፣ መዝገቡ በየሩብ ዓመቱ ለጉባኤው ይነበብ፤ የገባው መኖ፣ የነደደው ሰዓት፣ የተገኘው ቀዳዳና የተደፈነበት ቀን በሪፖርቱ ይገለጽ። አራተኛ፣ ማብላያው የሚቋረጥ ከሆነ መኖው ይቁም፤ በውስጡ ያለው እስኪያልቅ ድረስ ጋዙ እየነደደ ይቆይ፤ ከዚያም በባለሙያ ይዘጋ።

ይህንን ለመፈጸም የማይችል አጥቢያ ማብላያውን ባይሠራ ይመረጣል። በዚህ ምትክ የተሻሻለ የማገዶ ምድጃ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወይም የችግኝ ተከላ ሊሆን ይችላል። ለመፈጸም የቆረጠ ግን ከማገዶ ወጪው መቀነስ ሌላ፣ ለአካባቢው ነዋሪ በተግባር የሚታይ ትምህርት ይሰጣል። ለሥራው የሚያስፈልገው ዕቃ በገበያ ላይ በቀላሉ ይገኛል፤ ትጋቱን ግን ከኮሚቴው በቀር ሊሰጥ የሚችል የለም።